ግንቡ ቆሟል፤ ባለሙያው የት አለ?



ገዥው ፓርቲ በምርጫ ሰሞን ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ ከሚቆጥርላችሁ ነገሮች አንዱ ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ያህል ጤና ጣቢያ ሠራን፣ ይህን ያህል ጤና ኬላ አቆምን፣ ይህን ያህል አስመረቅን ይላችኋል። ቁጥሩን አንክድም። በአገሪቱ ከ3,500 በላይ ጤና ጣቢያዎችና ከ17,000 በላይ ጤና ኬላዎች መገንባታቸው እውነት ነው። የእኛ ጥያቄ የሚጀምረው ከግንቡ በኋላ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ምጥ የያዛት ሴት በዚያ በር ስትገባ የሚቀበላት ማነው? ተረኛው ስንት ሰው ነው? መድኃኒቱስ አለ? ለመሆኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የመንግሥት ሪፖርት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው የፓርቲው ጸሐፊ ራሱ መልሱን በዓይኑ አይቷል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ልጅ ይዘን በሌሊት ወደ አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ነገ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚጻፍባት ያቺው ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ስትሯሯጥ ያደረች አዋላጅ ነርስ ናትና። ዘበኛው በሩን ከፈተልን። በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበሩት ባለሙያዎች ሁለት ነበሩ። አዋላጇ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሌላ ወላድ ይዛለች፤ ነርሱ ደግሞ በመኪና የተገጨ ልጅ ቁስል ይሰፋል። ላቦራቶሪው ተቆልፏል። ጓንትና ግሉኮስ ከውጭ ግዙ ተባልን፤ የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው የሚለውን መመሪያ የማያውቅ በመሐላችን አልነበረም። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሾፌሩ ግን የለም። በመጨረሻ በባጃጅ ጭነን ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። እናትም ልጅም በሕይወት አሉ፤ ተመስገን።

ስንወጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ሰሌዳ አየሁ። የዜጎች ቻርተር ይላል። ካርድ ለማውጣት ስንት ደቂቃ፣ ለምርመራ ስንት ደቂቃ፣ መድኃኒት ለመቀበል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰንጠረዥ ተዘርዝሯል። ደቂቃው ሁሉ አለ። ማን ተረኛ እንደሆነ፣ ስንት የሥራ መደብ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ የሚናገር አንድም መስመር ግን የለም። የአገራችን የጤና አስተዳደር ችግር በዚያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አየሁት።

ጤና ጣቢያ ማለት ቡድን ማለት ነበር

በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ኮሌጁ የሚያሠለጥነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ነበር። እነዚህ ሰዎች አብረው ተምረው፣ አብረው ልምምድ አድርገው፣ በቡድን ሆነው ነበር ወደ ጤና ጣቢያ የሚላኩት። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ጤና ጣቢያ ተሟልቶ የተመደበ የባለሙያ ቡድን ነው፤ ግንቡ የቡድኑ ማደሪያ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ሥርዓት ለማወደስ አይደለም ይህን ያነሣነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ጤና ጣቢያዎች በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኛውም ሕዝብ ሐኪም ሳያይ የሚሞት ነበር። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር። ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ መጀመሪያ ግንብ፣ ቀጥሎ ሪባን፣ ቀጥሎ የቴሌቪዥን ካሜራ፣ ባለሙያው በስተመጨረሻ፣ ያውም ከተገኘ።

ሐቁን ለመናገር፣ ባለፉት ዓመታት የተገኘ ውጤት አለ። ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 ወርደዋል። ከ100,000 ወሊድ በእናቶች ላይ የሚደርሰው ሞት በዚያው ጊዜ ከ871 ወደ 412 ቀንሷል። ይህ የሆነው በዋናነት በገጠር ቤት ለቤት በሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት ነው፤ ለእነሱ ኮፍያችንን እናነሣለን። እነዚህን ሴቶች ከጤና ሥራቸው ይልቅ አንድ ለአምስት ለማደራጀትና ለስብሰባ መቀስቀሻ ያደረጓቸው ካድሬዎች ግን የሚመሰገኑበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ ከውጤቱ ጋር አንድ ዕዳ መጥቷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆኑ። መንግሥት «ቤት አትውለዱ፣ ጤና ጣቢያ ኑ» አለ፤ እናቶቻችንም ሰሙ፤ መጡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ በእጥፍ ገደማ ሲያድግ ተረኛው አዋላጅ በእጥፍ አድጓል ወይ? አልጋው፣ ጓንቱ፣ ደሙ አድጓል ወይ? ሕዝብን ጠርቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ውስጥ የሚቀበል ሰው አለማስቀመጥ በማንኛውም ሰው ቤት ነውር ነው። በመንግሥት ደረጃ ሲሆን ስሙ ምን ይባላል?

የከተማው ሁኔታ ደግሞ የባሰ ነው። መንግሥት ራሱ ባወጣው መስፈርት መሠረት የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ፣ የከተማ ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ 40,000 ሕዝብ ያገለግላል። የከተማ ነዋሪ ሆስፒታል ይቀርበዋል ተብሎ ይሆናል ቁጥሩ የተለቀቀው። ነገር ግን ከከተማ ዳር የተሠሩትን ኮንዶሚኒየሞች ተመልከቱ። በአንድ ጊዜ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ዕጣ ወጥቶለት ይገባል፤ ጤና ጣቢያው ግን ከመንደሩ በፊት በነበረው የሠራተኛ ብዛት ይቀጥላል። ሰልፉ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይጀምራል። ካርድ ክፍል የደረሰ ሰው ዛሬ ሞልቷል ነገ ና ይባላል። አቅም ያለው ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል፤ አቅም የሌለው ደግሞ ያው ነገ ይመጣል።

ሥራ አጥ ሐኪም፣ ባዶ መደብ

አንድ ሰው «አገሪቱ ድሃ ናት፤ ባለሙያ ከየት ይምጣ?» ሊለን ይችላል። ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ቢሆን መልሱ ትክክል በሆነ። ያኔ የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ጥቂት ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ30 በላይ ናቸው። ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስት በየዓመቱ በሺዎች ይመረቃል። ቀድሞ ተመራቂ ሐኪም በዕጣ ይመደብ ነበር፤ ጋምቤላም ደረሰው ሶማሌ፣ መደብ ይጠብቀው ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ተምሮ፣ የሕዝብ ገንዘብ ፈሶበት፣ ቤት የተቀመጠ ሐኪም አየን። በዚያው ከተማ ጤና ጣቢያው ባለሙያ የለንም ይላል። ይህ ምን ዓይነት አስተዳደር ነው? ሐኪሙ ሥራ ፍለጋ ይዞራል፤ ታማሚው ሐኪም ፍለጋ ይዞራል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጠፋ።

የጠፋበትን ምክንያት እንንገራችሁ፤ ምስጢር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የጤና አገልግሎትን ብሔራዊ መስፈርት የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው። የጤና ጣቢያውን ደመወዝ የሚከፍለው ግን ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው ነው። መስፈርቱን ያወጣው አካል ገንዘቡን አብሮ አይልክም፤ ወረዳው የሚደርሰው ጥቅል ድጎማ ነው፤ ከድጎማው ውስጥ አብዛኛው አሁን ላሉት ሠራተኞች ደመወዝ ያልቃል። ስለዚህ በመዋቅር ወረቀት ላይ የተፈቀደ መደብ አለ፤ መደቡን የሚሞላ የተማረ ሰው አለ፤ በመሐል በጀት የለም። ወረዳው መስፈርቱ አልተሟላም ተብሎ አይጠየቅም፤ ሚኒስቴሩም ቅጥር የእኔ ሥራ አይደለም ይላል። ሁለቱ ጣት ሲጠቋቆሙ ሌሊት ሰባት ሰዓት ይሆናል።

ሲብስ ደግሞ ያለውም አይከፈልም። በ2016 ዓ.ም. በሀዲያና በወላይታ ዞኖች ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፈል ቀርቶ የጤና ባለሙያዎችና መምህራን ለችግር ተዳርገዋል። በሌሎችም አካባቢዎች የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ባለሙያዎቹ ዱቲ የሚሉት፣ ለወራት ሲጠራቀም ማየት የተለመደ ሆኗል። ሌሊቱን የሠራ ሰው የሌሊቱን ዋጋ ካላገኘ በሚቀጥለው ሌሊት በሙሉ ልቡ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ። አብዛኛው ሕዝብ ይህን ያህል ሰው በዋሽንግተን በጀት ላይ ቆሞ እንደሚሠራ ያወቀው በተባረሩ ዕለት ነው። ዕርዳታ መቀበል ነውር አይደለም። ነውሩ በሰው ገንዘብ የቆመውን አገልግሎት የራስ ስኬት አድርጎ ሲያስመርቁ ኖሮ፣ ገንዘቡ የሚቆምበትን ቀን አለማሰብ ነው።

ስለ ደመወዝና ስለ እስራት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ዘይቱ፣ ቤት ኪራዩ፣ ታክሲው ሁሉም ተከትሎት ወጣ። የሐኪሙና የነርሷ ደመወዝ ግን የዋጋውን ያህል አልወጣም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጥያቄያቸውን ዘርዝረው፣ ቀነ ገደብ ሰጥተው፣ መልስ ሲያጡ በከፊል ሥራ አቆሙ። መንግሥት ምን መለሰ? ፖሊስ ራሱ 47 ባለሙያዎችን በቁጥጥር ሥር ማዋሉን ተናገረ። ባለሙያ ጎደለ ተብሎ በሚለቀስበት አገር ያለውን ባለሙያ ጣቢያ ማሳደር!

ሥራ ማቆም ታማሚን ይጎዳል፤ ይህን ማንም አይክድም፤ ድንገተኛ ክፍልና ማዋለጃ ክፍል በምንም ምክንያት መዘጋት የለበትም። እኛም በዚህ ላይ ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ ጋር ተከራክረናል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሠራተኛን የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት አውቆ፣ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ በሕግ ይወሰናል ይላል። መፍትሔው ያለው እዚያ ነው። ፓርቲያችን ጤና ባለሙያው የሚደራጅበትን፣ ከአሠሪው መንግሥት ጋር በሕጋዊ መንገድ የሚደራደርበትን፣ ክርክርም ቢነሣ ድንገተኛ አገልግሎት የማይቋረጥበትን ግልጽ ሕግ ለምክር ቤት ያቀርባል።

መንግሥት በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሠራተኛ የመነሻ ደመወዝን ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አድርጓል። ጭማሪውን አንነቅፍም። የታሠሩት ሰዎች ሲጠይቁ የነበረው ግን ይኸው አልነበረም ወይ? በመጨረሻ የሚሰጥ ነገር ከነበረ እስራቱ ለምን አስፈለገ?

መመዘን ይቻላል

የጤና ተቋም ሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ከባድ ነው የሚሉ አሉ። ከባድ አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት መሐል ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት 106 የጤና ተቋማትን በየቦታው ሄዶ አየ። በመደበኛ ሁኔታ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ፤ 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው ነበር። በጦርነት ውስጥ፣ በጥቂት ወራት ይህን መቁጠር ከተቻለ፣ በሰላም ከተማ መሐል ያለን ጤና ጣቢያ መቁጠር የሚሳነው ማን ነው?

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትን ዘዴ ተከትሎ የተቋማትን ዝግጁነት ፈትሿል። ዘዴው ቀላልና ሐቀኛ ነው፤ ፈታሹ ሄዶ በዚያ ቀን መብራት አለ? ውኃ አለ? የሠለጠነ ሰው አለ? መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነው? ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥናት ውጤቱን በአገርና በክልል ደረጃ ነው የሚናገረው። የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ስንት እንዳገኘ እናንተ የምታውቁበት መንገድ የለም። በወረዳው የምታውቁት ነገር ቢኖር አፈጻጸሙ «ከዕቅድ በላይ» መሆኑን ነው።

አንድ የሕግ ሰው የሚያናድደው ነገር ደግሞ ይህ ነው። የግል ክሊኒክ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳይኖረው ቢገኝ ተቆጣጣሪው መጥቶ በሩን ያሽጋል። ደግ ያደርጋል። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ባለሙያ አላሟላህም ተብሎ የተጠየቀበትን ቀን ያየ ሰው ግን አላገኘንም። ይታሸግ አንልም፤ ይታሸግ ብንል የሚጎዳው ድሃው ነው። የምንለው፣ ሕጉ ለሁለቱም አንድ ይሁን፤ መስፈርት ያላሟላ የመንግሥት ተቋም ጉድለቱ በአደባባይ ይጻፍ፤ የሚመለከተው ኃላፊም በስሙ ይጠየቅ ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ ይከናወን ያለው ለዚህ አይደለም ወይ?

ከመረጣችሁን የምናደርገው

በከተሞች፣ የሥልጣን ዘመናችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አዲስ የጤና ጣቢያ ግንባታ አንጀምርም። የተጀመረውን እንጨርሳለን፤ ከዚያ ውጭ ለግንባታ ይውል የነበረው ገንዘብ የተገነቡትን በሰውና በመድኃኒት ለመሙላት ይውላል። ይህ ቃል ድምፅ እንደሚያሳጣን እናውቃለን። በተለይ በአዳዲስ መንደሮች የምትኖሩ ወገኖች «እኛስ ጤና ጣቢያው ራሱ የለንም» ብትሉ እውነታችሁን ነው። ለእናንተ በኪራይ ቤትም ቢሆን የተሟላ ቡድን እንመድባለን፤ ግንቡ በኋላ ይመጣል። ባዶ ግንብ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የባለሙያው ደመወዝ በወረዳ ኪስ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል፣ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የግድ መኖር ያለባቸው መደቦች ወጪ፣ የሌሊት ተረኛውም ክፍያ ጨምሮ፣ ለሌላ ሥራ በማይዞር ልዩ ድጎማ ከፌዴራል እንዲላክ እናደርጋለን። መስፈርት የሚያወጣ ይክፈል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለን፣ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊያውሉ ቃል ሲገቡ ኢትዮጵያም አብራ ነበረች። ያ ቃል እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በአንድ ዓመት 15 በመቶ እንደርሳለን ብለን አንዋሽም፤ በየዓመቱ ግን የበጀት ድርሻው ከፍ ሳይል የቀረበትን ምክንያት ለምክር ቤቱ በጽሑፍ እናቀርባለን።

የጤና መድን ከፍሎ መድኃኒት ከውጭ ግዛ የተባለ አባል ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ገንዘቡ ይመለስለታል። መድን ማለት ይኸው ነው። የጤና ጣቢያ ኃላፊም በሙያው ተወዳድሮ እንጂ በፓርቲ አባልነት አይሾምም፤ የእኛም ፓርቲ ቢሆን።

የዜጎች ቻርተሩ ሰሌዳ ደግሞ ጎን ለጎን ሌላ ሰሌዳ ይሰቀልበታል። የተፈቀደው መደብ ስንት ነው፣ የተሞላው ስንት ነው፣ ዛሬ ቀንና ሌሊት ተረኛው ማነው፣ ያለቀው መድኃኒት የትኛው ነው፣ አምቡላንሱ ይሠራል አይሠራም፤ በየጠዋቱ በኖራ ወይም በማርከር ይጻፋል። ወጪው የአንድ ሰሌዳ ዋጋ ነው።

እስከዚያ ግን መጠበቅ የለባችሁም። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ፣ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። በአንድ ገጽ ወረቀት ለወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ጻፉ። የሰፈሬ ጤና ጣቢያ በመዋቅር የተፈቀዱለት መደቦች ስንት ናቸው? ስንቱ ተሞልቷል? ባለፉት ሦስት ወራት የሌሊት ተረኛ ስንት ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። በሁለት ኮፒ አድርጉት፤ በአንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ለራሳችሁ አስቀሩ። ከከለከሏችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። መልሱ ሲመጣ፣ ባይመጣም፣ ኮፒውን ይዛችሁ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ብቅ በሉ። በምርጫው ቅስቀሳ ላይ እጩዎቻችን የሚያነቡት ያንን ወረቀት ነው።